ከቀዶ ሕክምናው በፊት እንቅልፍዎ ይመርመር

ጥያቄ፦

«ዕድሜዬ 44 ነው። የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ፤ ከአዳማ ጅቡቲ እመላለሳለሁ። በወጣትነቴ ኳስ ስጫወት አፍንጫዬን በክርን ተመትቼ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግራው ቀዳዳ በደንብ አያስተነፍሰኝም። ማንኮራፋቱ ግን የባሰብኝ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ፣ ሰውነቴ ከወፈረ በኋላ ነው። ባለቤቴ መቋቋም አቅቷት ከልጆቹ ጋር መተኛት ጀምራለች። መንገድ ላይ ጋቢና ውስጥ ስናድር ረዳቴ ‹ትንፋሽህ ጠፋ› እያለ ይቀሰቅሰኛል። ባለፈው ወር ገዋኔን እንዳለፍኩ ዓይኔ ተከድኖ፣ መኪናው ከአስፋልቱ ሊወጣ ሲል ነቃሁ። አንድ የግል ክሊኒክ ሄጄ ራጅ ተነሣሁ፤ ‹የአፍንጫህ አጥንት ተጣሟል፣ በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል፣ ማንኮራፋቱም ይለቅሃል› ተባልኩና ቀጠሮ ተያዘልኝ። የተጠየቅሁት ገንዘብ የሁለት ወር ገቢዬን ይበልጣል። የአጎቴ ልጅ ተሠርቶ እስከ ዛሬ ያንኮራፋል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ከተሠራ በኋላ ማንኮራፋቱ ጠፍቷል። እናቴ ‹ቢላዋ አይንካህ› ትለኛለች። ልሠራው ወይስ ልተወው? ግራ የገባኝ፣ ከአዳማ።»

መልስ፦

ወንድሜ፣ ከደብዳቤዎ ያስደነገጡኝ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ረዳትዎ «ትንፋሽህ ጠፋ» እያለ መቀስቀሱና ገዋኔ ላይ የደረሰብዎ። እርስዎ ሁለቱንም በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈዋቸዋል። እኔ ግን የአፍንጫዎ ጉዳይ እነሱ ሳይጣሩ ሊወሰን አይገባም ባይ ነኝ።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልንገርዎ። ቀጠሮውን ያራዝሙት እንጂ አይሰርዙት፤ መጀመሪያ የእንቅልፍ ምርመራ፣ ማለትም ተኝተው ሳለ ትንፋሽዎ የሚታይበትን ምርመራ፣ ያድርጉ። ቀዶ ሕክምናው ኋላ ላይ ሊጠቅምዎ ይችላል፤ እንዲያውም ይጠቅምዎታል ብዬ እገምታለሁ። ነገር ግን «ማንኮራፋቱን ይነቅልልኛል» በሚል ተስፋ ብቻ ከገቡበት ገንዘብዎ ሊባክን፣ ዋናው አደጋ ደግሞ ሳይነካ ሊቀር ይችላል።

ማንኮራፋት ሲሰሙት ከአፍንጫ የሚወጣ ይመስላል። ድምፁ የሚፈጠረው ግን በአብዛኛው ከአፍንጫ ኋላና በታች ነው። እንቅልፍ ሲወስደን የጉሮሮ ጡንቻዎች ይላላሉ። የላንቃው ለስላሳ ክፍል፣ እንጥል፣ የጉሮሮው ጎኖች፣ አንዳንዴም የምላስ ሥር ወደ አየር መተላለፊያው ይጠጋሉ፤ አየሩ በጠበበው መንገድ ሲያልፍ ያርገበግባቸዋል። የሚሰማው ያ ነው። ክብደት ሲጨምር ስብ በአንገት ዙሪያ፣ ምላስ ውስጥም ሳይቀር ይከማቻልና መንገዱ ይበልጥ ይጠባል። በጀርባ ሲተኙ ምላስ ወደ ኋላ ይወድቃል። መጠጥና የእንቅልፍ ኪኒን ደግሞ ጡንቻዎቹን ከልክ በላይ ያላሏቸዋል።

አፍንጫም ድርሻ አለው። ለስላሳ በስትሮ ሲጠጡ ጫፉን በጣትዎ ጫን ቢሉትና በኃይል ቢስቡ መካከሉ ይጣበቃል፤ አፍንጫው የጠበበበት ሰውም አየር ለመሳብ ሲታገል ለስላሳው ጉሮሮ በዚያው ዓይነት ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። በአፍ ለመተንፈስ መገደዱም መንጋጋንና ምላስን ወደ ኋላ ይገፋል። ስለዚህ ሐኪሙ አፍንጫዎን መጥቀሱ ስህተት አይደለም። እኔ የምጠራጠረው «ይለቅሃል» የምትለዋን ቃል ነው። አፍንጫዎ የተጣመመው በወጣትነትዎ ነው፤ ማንኮራፋቱ የባሰብዎ ግን ከወፈሩ ወዲህ መሆኑን ራስዎ ጽፈዋል። ጠማማው አፍንጫ ለብዙ ዓመታት አብሮዎት ኖሮ ይህን ያህል አላስቸገረዎትም። በቅርቡ የተጨመረ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

ስለ መጣመሙም ጥቂት ልበል። ሁለቱን የአፍንጫ ቀዳዳዎች የሚለየው ግድግዳ ከፊቱ ለስላሳ አጥንት፣ ከኋላው ጠንካራ አጥንት ነው። ፍጹም ቀጥ ያለ ግድግዳ ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ አብዛኞቻችን በመጠኑ የተጣመመ ይዘን ሳናውቀው እንኖራለን። ስለዚህ «ተጣሟል» የሚለው ቃል ብቻውን ለቀዶ ሕክምና ምክንያት አይሆንም፤ አተነፋፈስን ምን ያህል እንደሚያውክ መታየት አለበት። ይህን ደግሞ ራጅ አይናገርም። የአንገት በላይ ስፔሻሊስት አፍንጫውን ከፊት በመብራት፣ ከኋላ ደግሞ ጫፉ ላይ ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ ሊያይልዎ ይገባል። በዚያ ምርመራ ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ይገኛል፦ በአለርጂ ያበጡ የጎን ግድግዳ ሥጋዎች፣ ፖሊፕ የሚባል በአፍንጫ ውስጥ የሚያድግ ለስላሳ እባጭ፣ ወይም ሲተነፍሱ ወደ ውስጥ የሚታጠፍ የአፍንጫ ክንፍ። እኛ አገር የአፍንጫ ችግር ሁሉ «ሳይነስ» ወይም «አጥንት» ተብሎ ስለሚጠራ እነዚህ ይዘነጋሉ። በአለርጂ ያበጠ ሥጋ በጨው ውሃ እጥበትና ሐኪም በሚያዘው የአፍንጫ ስፕሬይ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ታክሞ ሊሟሽሽ ይችላል፤ ያን ጊዜ ቀዶ ሕክምናው የማያስፈልግ ሆኖ ሊገኝም ይችላል። ይህን ሕክምና ሳይሞክሩ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል መግባት መቸኮል ነው።

የአጎትዎ ልጅና የባልደረባዎ ታሪክ ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። ማንኮራፋቱ በዋናነት ከአፍንጫ መታፈን የመጣበት ቀጭን ሰው አፍንጫው ሲከፈትለት ድምፁ ሊጠፋ ይችላል፤ ጉሮሮው የሚዘጋበት ሰው ግን አፍንጫው የቱንም ያህል ቢስተካከል ማንኮራፋቱ ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ2019 በኔዘርላንድስ፣ በ2023 ደግሞ በብሪታንያ የታተሙ ሁለት ጥሩ ጥናቶች ይህ ቀዶ ሕክምና ከመድኃኒት የተሻለ መሆኑን አሳይተዋል። ጥናቶቹ የተሠሩት ግን አፍንጫቸው የታፈነባቸው ሰዎች ላይ ሆኖ ጥያቄያቸውም ስለ አፍንጫ መታፈን ነበር፤ ስለ ማንኮራፋት አልነበረም። ይህን ልዩነት አጥብቀው ይያዙ። «በአፍንጫዬ መተንፈስ እፈልጋለሁ» ቢሉኝ ኖሮ መልሴ አጭር ይሆን ነበር።

አሁን ወደ ረዳትዎ ቃል ልመለስ። ጉሮሮው ጠብቦ ጠብቦ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ድምፁ ይቆማል። ደረቱ ይንቀሳቀሳል፤ አየር ግን አይገባም። በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል፣ አንጎል ይደነግጣል፣ ሰውየው እንደሚታነቅ ሰው በድንገት ተንፍሶ ይነቃል፤ ወዲያው ተመልሶ ይተኛል፤ ጠዋት አያስታውሰውም። ይህ በሽታ ነው፤ ሐኪሞች ስሊፕ አፕኒያ ይሉታል። ቢያንስ ለ10 ሴኮንድ የቆየ እያንዳንዱ መቋረጥ ይቆጠራል። ትንፋሽ በከፊል የተገታባቸው ጊዜያትም ተደምረው በሰዓት ከ5 እስከ 15 ከሆኑ ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከባድ ይባላል። ከባድ የሆነበት ሰው ስምንት ሰዓት ተኝቶም እንቅልፍ አላገኘም። ቀን ላይ ያንቀላፋል፣ ጠዋት ራሱን ያመዋል፣ አፉ ይደርቃል፣ ሌሊት ለሽንት ይነሣል፣ የደም ግፊቱ በመድኃኒት እንኳ አልወርድ ይላል። ሳይታከም ሲቆይ ልብንም ይጎዳል፤ ለስትሮክም ያጋልጣል።

ሽማግሌዎቻችን የሚያንኮራፋ ሰው ሲያዩ «ደክሞት ነው፣ ጥሩ እንቅልፍ ወስዶታል» ይላሉ። በቅንነት ነው የሚሉት፤ ግን ብዙ ሰው ሐኪም ጋር እንዳይሄድ አድርጎታል። እርስዎ በሽታው አለብዎት ብዬ በደብዳቤ ልፈርድ አልችልም። ነገር ግን ወንድ ነዎት፣ ወፍረዋል፣ ያንኮራፋሉ፣ ትንፋሽዎ ሲቋረጥ በዓይኑ ያየ ሰው አለ፣ መሪ ይዘው አንቀላፍተዋል። ከዚህ በላይ ምልክት አልጠብቅም። የአንገትዎን ዙሪያ በሜትር ይለኩ፤ ከ43 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ደም ግፊትዎንም ይለኩ።

ይህ በሽታ ካለብዎ የአፍንጫ ቀዶ ሕክምና ብቻውን አያድንዎትም። አፍንጫቸው የተስተካከለላቸው ሕሙማን በምርመራ ሲታዩ በሰዓት የሚቆጠረው የትንፋሽ መቋረጥ ብዙውን ጊዜ እምብዛም አይቀንስም። ክፉው ነገር ድምፁ ለስለስ ብሎ መቋረጡ እንዳለ ሊቀጥል መቻሉ ነው። ባለቤትዎ ወደ አልጋዋ ትመለሳለች፤ ረዳትዎም መቀስቀሱን ይተዋል፤ ሁላችሁም ዳነ ትላላችሁ። እርስዎ ግን ያንኑ እንቅልፍ ይዘው መሪ ይጨብጣሉ።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ቀዶ ሕክምናው ብዙውን ጊዜ በሙሉ ማደንዘዣ የሚሠራ ነው። ማደንዘዣውና ከእሱ በኋላ የሚሰጡ አንዳንድ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች የጉሮሮን ጡንቻ ያላላሉ፤ አፍንጫው ደግሞ ለጊዜው በእብጠትና በማሸጊያ ይዘጋል። ስሊፕ አፕኒያ ያለበት መሆኑ ያልታወቀ ሰው የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ለእሱ አስጊ ናቸው። የማደንዘዣ ባለሙያው አስቀድሞ ካወቀ ግን የሚሰጠውን መድኃኒት ይመርጣል፣ በቅርብ ይከታተልዎታል፣ ሌሊቱን ሆስፒታል ያሳድርዎታል። ይህን ለማወቅ ምርመራው መቅደም አለበት።

የእንቅልፍ ምርመራ በየከተማው አይገኝም፤ አዲስ አበባ ድረስ መምጣት ሊኖርብዎ ይችላል። የአንገት በላይ ሐኪም ወይም የሳንባ ስፔሻሊስት ዘንድ ቀርበው የትና እንዴት እንደሚሠራ ይጠይቁ፣ ሪፈርም ያጽፉ። ሙሉው ምርመራ በሐኪም ቤት አድሮ የሚሠራ ሲሆን ቤት ተወስዶ የሚታሰር ቀለል ያለ መሣሪያም አለ። የሁለቱም ወጪ ቀላል ባይሆንም ከተጠየቁት ሂሳብ ጋር ሲያስተያዩት ይህኛው ይቅደም። እስከዚያው ባለቤትዎን አንድ ነገር ይለምኗት፤ አንድ ሁለት ሌሊት አጠገብዎ ሆና ትመልከትዎ፣ በስልክም ትቅረጽ። ማንኮራፋቱ እየጨመረ ሄዶ በድንገት ጸጥ ይላል? ከጸጥታው በኋላ እንደ መታፈን ያለ ድምፅ ይከተላል? በጎንዎ ሲተኙስ ይለወጣል? ያ ቅጂ ለሐኪሙ ከራጁ የበለጠ ይነግረዋል። ከልጆቹ ጋር መተኛቷን እንደ መናቅ ወይም እንደ ኩርፊያ አይቁጠሩባት፤ እሷም ሰው ናት፣ እንቅልፍ ያስፈልጋታል።

አፍንጫዎ በማንኮራፋቱ ውስጥ ምን ያህል ድርሻ እንዳለው በቤትዎ የሚገምቱበትም መንገድ አለ። በአፍንጫ ላይ ተለጥፎ ክንፎቹን ወደ ውጭ የሚስብ ፕላስተር አለ፤ ካገኙት ጥቂት ሌሊት ይሞክሩት። ሐኪምዎ ከፈቀደልዎ ደግሞ የአፍንጫ መክፈቻ ጠብታ ለሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ተጠቅመው ለውጡን ይዩ። አፍንጫዎ ተከፍቶ ማንኮራፋቱ ያው ከሆነ፣ በቀዶ ሕክምና ቢከፈትም የሚለወጠው ጥቂት እንደሚሆን ይጠርጥሩ። ጠብታውን ግን ከዚያ አያስረዝሙት። በየመድኃኒት ቤቱ ያለ ማዘዣ እየተገዛ ለወራት ሲወሰድ አያለሁ፤ ከጥቂት ቀን በላይ ሲቆይ ራሱ አፍንጫን መልሶ ያፍናል፤ ሰውየውም ያለ ጠብታ መተንፈስ የማይችል ይሆናል። ደም ግፊት ካለብዎ ጭራሽ ሳይጠይቁ አይንኩት።

ውጤቱ ሲመጣ መንገዱ ይለያል። የትንፋሽ መቋረጥ ከሌለብዎና አፍንጫዎ በእርግጥ የታፈነ ከሆነ፣ ስፕሬዩም ካልረዳዎ፣ ቀዶ ሕክምናውን ያድርጉ እላለሁ፤ በአፍንጫዎ መተንፈስዎ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው፤ ማንኮራፋቱ ከቀነሰም ትርፍ ይሆናል። መካከለኛ ወይም ከባድ ስሊፕ አፕኒያ ከተገኘብዎ ግን ዋናው ሕክምና ሲፓፕ የሚባለው መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫንና ባልደረቦቹ ያስተዋወቁት ሲሆን፣ በጭምብል በኩል አየር በቀስታ እየገፋ ጉሮሮው እንዳይዘጋ ያደርጋል። ብዙ ሰው በመጀመሪያ ሳምንት ይጠላዋል፤ ከለመደው በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ነቅቶ መዋል ምን እንደሚመስል እንደ አዲስ ያውቀዋል። ለእርስዎ ሥራም አይከብድም፤ ተስማሚ ማገናኛ ከተገኘለት ከመኪና ባትሪ ኃይል እየወሰደ የሚሠራ ዓይነት ስላለ ጋቢና ውስጥም ማደር ይቻላል። ቀላል ሆኖ ከተገኘ ደግሞ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት የሚይዝ በጥርስ ላይ የሚደረግ መሣሪያም አለ፤ የጥርስ ሐኪም ያማክሩ።

አፍንጫዎ ወደ ጉዳዩ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። የታፈነ አፍንጫ ያለው ሰው የሲፓፕ አየር ስለሚያስጨንቀው ሌሊት ጭምብሉን አውልቆ ይጥለዋል። ግድግዳው ሲስተካከል መሣሪያው በአነስተኛ ግፊት ይሠራል፣ ጭምብሉም ይለመዳል። ቀዶ ሕክምናው ይጠቅምዎታል ብዬ የገመትኩትም ለዚህ ነው፤ ቀጠሮውን አይሰርዙት ያልኩትም ለዚሁ ነው።

ክብደትዎን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። አንድ አሥረኛውን እንኳ ቢቀንሱ የትንፋሽ መቋረጡ በግልጽ ይቀንሳል። የሹፌር ሕይወት ለዚህ እንደማይመች አውቃለሁ፤ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ፣ ማታ ሚሌ ወይም አዋሽ ደርሶ ጥብስ በልቶ ወዲያው መተኛት ነው። ቢያንስ ራትዎ ከመኝታ ሁለት ሦስት ሰዓት ይቅደም፣ በጎንዎም ይተኙ። በዚያ መስመር ስለተለመደው ሌላ ነገርም በግልጽ ልናገር። ጫት የሚቅሙ ከሆነ፣ የእንቅልፍ ዕዳውን ይደብቀዋል እንጂ አይከፍለውም፤ የደም ግፊትንም ይጨምራል። ምርቃናውን በቢራ መስበር ደግሞ የባሰ ነው፤ መጠጡ ጉሮሮን ያላላና ትንፋሹ የሚቋረጥበትን ጊዜ ያረዝመዋል።

እናትዎን አንድ ነገር ብለው ያጽናኗቸው፤ ፊት ላይ የሚያልፍ ቢላዋ የለም። ሥራው በአፍንጫ ቀዳዳ ውስጥ የሚሠራ ነው፤ ከውጭ ጠባሳ አይተውም፤ አብዛኛውን ጊዜም ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም። ከባድ ጉዳት ብዙም አይደርስም። ነገር ግን ነስር፣ ኢንፌክሽን፣ በግድግዳው ላይ ቀዳዳ መፈጠር፣ የላይኛው የፊት ጥርስ ለጊዜው መደንዘዝ፣ አልፎ አልፎም አፍንጫው እንደገና መታፈኑ ያጋጥማሉ። ከተሠሩ በኋላ ሕመሙ በድንገት ከጨመረ፣ ሁለቱም ቀዳዳ ጥርቅም ብሎ ከተዘጋ፣ ትኩሳትም ከመጣ፣ ደም ቋጥሮ ሊሆን ስለሚችል ሳያድሩ ይመለሱ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በእብጠቱ የተነሣ ማንኮራፋቱ ሊብስ ስለሚችል አይደንግጡ፤ እውነተኛው ውጤት የሚታየው ከጥቂት ወራት በኋላ ነው።

ለእርስዎ ዋናው ዕረፍቱ ነው። ጎማ መቀየር፣ ሸራ ማሰር፣ ጭነት ማንሣት ለሁለት ሳምንት ያህል አይቻልም፤ ነስር ሊያስነሣ ይችላል። ደረቁና ሞቃቱ የአፋር አየር ለተሠራ አፍንጫ ጠላት ነው፤ ሆስፒታል በራቀበት መንገድ ላይ ነስር ቢነሣ ደግሞ ምን እንደሚሆን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ስለዚህ የተጠየቁት ዋጋ ላይ ያለ ሥራ የሚቀመጡበትን ጊዜም ይደምሩበት። ወደ ሐኪሙ ሲመለሱ በቀጥታ ይጠይቁት፦ «የሚሠራልኝ ለመተንፈስ ነው ወይስ ለማንኮራፋቱ? ማንኮራፋቱ ካልለቀቀኝ ምን ይደረጋል? የጎኑ ሥጋስ አብሮ ይሠራል?» በነዚህ ጥያቄዎች የሚቆጣ ሐኪም ካጋጠመዎ ሌላ ሐኪም ያማክሩ። ማንም ሰው ደግሞ «እንጥልህ ነው፣ በባህል መንገድ ይቆረጥ» ቢልዎ አይስሙት፤ በእንዲህ ዓይነት መቆረጥ ደም ፈሷቸው የሞቱ አሉ።

ምርመራው እስኪደርስ ድረስ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት፣ በተለይም ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት አይንዱ፤ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለውም ይጠንቀቁ፤ እንቅልፍ በጣም የሚያይለው በእነዚህ ሰዓቶች ነው። ዓይንዎ ከከበደ መስኮት መክፈትና ሬዲዮ ማስጮህ አያድንም፤ መኪናውን ከመንገድ አውጥተው ሃያ ደቂቃ ይተኙ። ረዳትዎ አጠገብዎ ይቀመጥ፣ ሲያንቀላፉ ካየ እንዲያስቆምዎ ፈቃድ ይስጡት። ለአሠሪዎም ይንገሩ፤ ከባድ እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን ገዋኔ ላይ የሆነው ዳግም ቢሆን ከፊት የሚመጣው ሚኒባስ ሊሆን ይችላል። የምርመራው ውጤት እጅዎ ሲገባ በሰዓት ስንት እንደተቆጠረ ጽፈው ይላኩልኝ፤ ስለ አፍንጫዎ የቀረውን ያን ጊዜ እንጨርሳለን።